ፓወር ካታማራን ምንድን ነው? ምቾቱስ በምን ይታወቃል?

ለገሃር አካባቢ ትንሽ የትርጉም ቢሮ አለችኝ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ፎቶው የሚያብረቀርቅ ብሮሹር ይዛ መጣች። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሟ ሲሸልስ ላይ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ተከራይቶ እናታቸውን ጨምሮ ቤተሰቡን ሊያዝናና አስቧል። «ጋሼ፣ ትርጉሙ ይቆየኝ» አለችኝ። «መጀመሪያ ይሄ ፓወር ካታማራን የሚሉት ነገር ምንድን ነው? እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ይመቻታል ወይ?»

እኔ ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ከሚወስደው የሞተር ጀልባ ሌላ የማውቀው የለም። ደግነቱ መርከብ ላይ በሞተር መሐንዲስነት የሚሠራው የእህቴ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ነበር። ደወልኩለት፤ ማኪያቶ አዘዝን፤ ብሮሹሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አልፎ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን የወለል ፕላን ማየት ጀመረ።

ካታማራን ሁለት ረጃጅምና ጠባብ አካሎች ጎን ለጎን ሆነው፣ ከላያቸው በተዘረጋ ወለል የተያያዙበት ጀልባ ነው። ውሃው ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን አካል መርከበኞች «ኸል» ይሉታል፤ እኔ ቀፎ ልበለው። በሸራ የሚሄድ ካታማራን አለ፤ በሞተር ብቻ የሚሄደው ፓወር ካታማራን ይባላል። ስሙ የታሚሎች ነው፤ «ካቱማራም» የታሰረ እንጨት ማለት ነው። የታሚል ዓሣ አጥማጆች ግንድ ከግንድ አስረው የሚሠሩት ነው፤ ደንገል ከደንገል ከሚያስሩት ከጣና ታንኳ ሠሪዎች ጋር ሥራቸው ይመሳሰላል። ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ እየሠሩ ውቅያኖስ ያቋርጡ የነበሩት ግን የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ናቸው። አውሮፓውያን የአንዱን ስም አንሥተው ለሌላው ሰጡት።

የዚህ ጀልባ ትልቁ መለያ ስፋቱ ነው። 15 ሜትር የሚረዝም ባለ አንድ ቀፎ የሞተር ጀልባ ወርዱ 4.5 ሜትር ገደማ ነው። እኩያው ካታማራን 7 ሜትር አካባቢ ይሰፋል፤ ሦስት የከተማ አውቶቡስ ጎን ለጎን ቢቆም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሳሎኑ፣ ማድ ቤቱና የኋላው በረንዳ በአንድ ወለል ላይ ይገጥማሉ፤ መኝታ ቤቶቹ ታች በሁለቱ ቀፎዎች ውስጥ ይሆናሉ። ሞተሮቹ ሁለት ናቸው፤ በየቀፎው ጅራት አንድ አንድ። ተራርቀው ስለተቀመጡ ካፒቴኑ አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አድርጎ ጀልባውን ባለበት ማዞር ይችላል። ስለ ነዳጅ ብዙ አልልም፤ ጠባብ ቀፎ ውሃውን በቀላሉ ይሰነጥቃል፤ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ቆጣቢ ነው፤ በፍጥነት ሲነዳ የማይጠጣ ጀልባ የለም።

ፎቶው የሚያሳየው ሳሎኑን ነው፤ ሁልጊዜም ሳሎኑን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደላላው በሩን ከፍቶ «እዩት ሳሎኑን!» ይላል፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው። የጀልባ ፎቶም የሚነሣው ጀልባው መልህቅ ጥሎ፣ ባሕሩ መስታወት መስሎ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ነው።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀው ከሳሎኑ ወለል በታች ስላለው ነገር ነበር። ሁለቱን ቀፎዎች የሚያያይዘው ወለል ከሥሩ ባዶ ነው፤ ማዕበል በዚያ ያልፋል። ወለሉ ከውሃው ብዙም ካልራቀ የማዕበሉ ጫፍ ከታች ይመታዋል። ድምፁ የብረት በር በቡጢ እንደመምታት ነው፤ ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል፤ የተኛውን ያስደነግጣል። ስለዚህ ካታማራንን የሚገመግም ሰው ከውሃው እስከ ወለሉ ሥር ያለውን ከፍታ ይጠይቃል፤ ያውም ጀልባው ተጭኖ ሳለ ያለውን። ጠባብ ቀፎ ጭነት አይወድም። ሁለቱ ቀፎዎች ውሃ ላይ የሚይዙት ስፋት 35 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 1 ቶን ዕቃ ጀልባውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ውሃው፣ ነዳጁ፣ ሻንጣውና የቤተሰቡ ስንቅ ሲደመር 3 ቶን ቢሆን 9 ሴንቲ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ብሮሹር ላይ የሚጻፈው ክብደት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የባዶ ጀልባ ነው።

ቀጥሎ መወዛወዝ። «ካታማራን አይወዛወዝም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ እንደ ሕፃን አልጋ ከጎን ወደ ጎን ዘንበል ቀና ይላል፤ መልህቅ ጥሎም ቢሆን አያርፍም። ካታማራን እግሮቹን ሰፋ አድርጎ ስለሚቆም ያን ያህል አያዘነብልም፤ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ባለበት ይቆያል። ግን ማዕበሉ ከጎን ሲመጣ መጀመሪያ አንዱን ቀፎ፣ ወዲያው ሌላውን ያነሣል፤ እንቅስቃሴው አጭርና ድንገተኛ ይሆናል። ሰውን በጣም የሚያቅለሸልሸው በ5 ሴኮንድ ገደማ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ዝግታ ያለው እንቅስቃሴ እንደሆነ ይታወቃል። የካታማራን ንቅነቃ ከዚህ ፈጠን ስለሚል ለአንዳንዱ ሰው ሆዱን ያሳርፍለታል፤ ሌላውን ግን ቆሞ ሲሄድ ያንገዳግደዋል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ስትሆን ከማቅለሽለሹ ይልቅ ይሄኛው ያሳስባል። እኛም ፕላኑ ላይ በእጅ የሚያዝ ነገር መፈለግ ጀመርን። ሰፊ ሳሎን ውስጥ መሃል ላይ ሆኖ የሚጨበጥ ከሌለ ስፋቱ ራሱ አደጋ ነው።

የት ይተኛሉ የሚለው ላይ ከሁሉም በላይ ቆየን። ነገሩ የገባኝ በሚኒባስ ሲያስረዳኝ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሞተሩ ከሥሩ ስለሆነ ይሞቀዋል፤ ድምፁም አለ። መጨረሻ ወንበር ላይ ያለው ጉብታ በተገኘ ቁጥር ጣሪያ ይነካል። መሃል ያለው ሰላም ነው። ታክሲው አንድ ነው፤ ምቾቱ ግን እንደ ወንበሩ ነው።

ካታማራን ላይ የሚለየው ሞተሩ ከኋላ መሆኑ ነው። የኋላ መኝታ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ ወይም በላዩ ናቸው፤ በጉዞ ላይ ድምፅና ሙቀት አለ፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግን ይቀንሳል። የፊተኞቹ ከሞተር ርቀዋል፤ ግን ጀልባው ማዕበል ሲወጣና ሲወርድ ከሁሉም በላይ የሚነሡት እነሱ ናቸው፤ ሌሊት መልህቅ ላይ ሆነውም ውሃው ቀፎውን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ይሰማሉ። እንግዲህ መሃሉ ይሻላል ትላላችሁ። መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው መታጠቢያ ቤት ነው። የጀልባውን ምርጥ ቦታ መርጠው የሰጡት ለሽንት ቤት! ይሄ እኔን እስካሁን ያስቀኛል።

ለኪራይ የሚሠራው ጀልባ አራት መኝታ ቤት፣ በየቀፎው ሁለት ሁለት፣ ይኖረዋል። ባለቤቱ ራሱ ሊኖርበት የሚያሠራው ደግሞ አንዱን ቀፎ እንዳለ ለአንድ መኝታ ቤት ይሰጣል። የደንበኛዬ ወንድም ሊከራይ ያሰበው የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር። እያንዳንዱ መኝታ ቤት ከሳሎኑ አምስት ስድስት ቀጥ ያሉ ደረጃዎች ወርዶ ነው። አልጋው ግድግዳ ከተጠጋ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣበታል፤ ሌሊት መነሣት የፈለገ ሌላውን ተሻግሮ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ዋናውን መኝታ ቤት ከሳሎኑ በስተፊት በዚያው ወለል ላይ ያደርጉታል፤ ደረጃው ይቀንሳል፤ የፊተኛው መነሣትና መውደቅ ግን ይኖራል። ለጉልበት የሚመረጠው ይሄ ነው፤ በእኛ ብሮሹር ላይ ግን አልነበረም።

ሌሊት አየር ማቀዝቀዣው እንዲሠራ ጄኔሬተር መነሣቱ አይቀርም፤ የትኛው መኝታ ቤት ሥር እንዳለ መጠየቅ ነው። ካፒቴኑ የሚቀመጥበት ከጣሪያው በላይ ያለው ፎቅ፣ «ፍላይብሪጅ» የሚሉት፣ ለዕይታ ግሩም ነው፤ ከፍታው ግን ንቅነቃውን ያበዛዋል፤ ደረጃውም የማማ መሰላል ያህል ቀጥ ያለ ነው። እናትየው እዚያ አይወጡም። ወቅቱንም ጠየቀ፤ ነሐሴ ነው። ሲሸልስ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል፤ ከማሄ ደሴት ወደ ፕራሊን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ማዕበሉን ከጎን እየተቀበሉ መሄድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ረጃጅሙን ጉዞ ለጠዋት አድርጉት፣ ነፋሱ በበረታ ቀን ደግሞ ከደሴቱ ጥግ አትውጡ ብሎ መከራት።

ደንበኛዬ ፕላኑ ላይ በእስክሪብቶ የኋላውን የግራ መኝታ ቤት ከበበችው፤ ደረጃው አጭር የሚመስለው እሱ ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ቀን ቀን ብቻ ይቻላል ብላ። ከዚያ እዚያው ሆና ወደ እናቷ ደወለች። ስለ ማዕበሉም ስለ ደረጃውም ነገረቻቸው። እናትየው ሁሉንም ሰምተው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ቡና የት ነው የሚፈላው?

የእህቴ ልጅ ስልኩን ተቀበለ። «እማማ፣ ከሰል ጀልባ ላይ አይፈቀድም» አላቸው። «ምድጃው ግን ዙሪያውን የብረት አጥር አለው፤ ጀበናው አይወድቅም። ማድ ቤቱም ከኋላው በረንዳ ጋር በመስኮት ይገናኛል፤ እርስዎ ውጭ ተቀምጠው ልጅቷ ትቀዳልዎታለች።» እሳቸውም ዕጣኑስ አሉት።