የሮኬት ፓራሹት ማስወጫ ባሩድ፦ ስንት ግራም ይበቃል?

የትርፍ ጊዜ ሮኬት የበረራው ጫፍ ላይ ሲደርስ ፓራሹቱን የሚያስወጣለት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ጥቁር ባሩድ ነው። ባሩዱ ሲነድ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ቱቦውን ሞልቶ አፍንጫውን ይገፋል፣ ፓራሹቱም ተከትሎ ይወጣል። ባሩዱ ካነሰ ሮኬቱ ሳይከፈት ቁልቁል ይምዘገዘጋል፤ ታች ለቆመ ሰው ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ከበዛ ደግሞ ማሰሪያ ገመዱ ይበጠሳል ወይም ቱቦው ይሰነጠቃል።

ትንንሾቹ ሞዴል ሮኬቶች ላይ ይህ ጣጣ የለም። ማስወጫው ከሞተሩ ጋር ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። ሞተሩ ላይ «ሲ6-5» ተብሎ ከተጻፈ፣ የመጨረሻዋ 5 ሞተሩ ነዶ ካበቃ በኋላ ባሩዱ እስኪተኮስ ያለውን ሰከንድ ትናገራለች። ትልልቆቹ ላይ ግን ባሩዱን መዝኖ የሚሞላው ባለቤቱ ራሱ ነው። የሚያቀጣጥለው ደግሞ የአየር ግፊትን እያነበበ ከፍታን የሚያሰላ አልቲሜትር ነው።

ስሌቱ የሚጀምረው ጋዙ ከሚሞላው ቦታ ይዘት ነው። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲሜትር፣ የክፍሉ ርዝመት 40 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ እንውሰድ። ይዘቱ 3.1 ሊትር ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ 100 ኪሎፓስካል ያህል ግፊት ለመፍጠር በስሌት 1.4 ግራም ገደማ ባሩድ ይበቃል። ትንሽ ይመስላል። ግን ይህ ግፊት አፍንጫውን በ785 ኒውተን ይገፋዋል፤ የ80 ኪሎ ሰው ክብደት በለው።

ብዙዎች የሚሸወዱት ዲያሜትሩ ላይ ነው። ግፊቱ ያው ሆኖ ቱቦው 5 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ጉልበቱ ወደ ሩብ ወርዶ 196 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቀጭን ሮኬት ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። በተለይ ፓራሹቱ ጠብቆ ከታጨቀ፣ ግራሙን ከሌላ ሰው ሮኬት ዝም ብሎ መቅዳት አያዋጣም።

አፍንጫው ያለጊዜው እንዳይከፈት ቀጫጭን የናይለን ብሎኖች ይዘውት ይወጣሉ። ባሩዱ እነሱን ቆርጦ መግፋት አለበት፤ ብሎን በተጨመረ ቁጥር ስሌቱም ይከለሳል። ቱቦው ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳም ያስፈልጋል። ሮኬቱ ከፍ ሲል የውጭው አየር ይሳሳል፤ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ካጣ አፍንጫውን ራሱ ሊገፋው ይችላል።

ከስሌቱ በኋላ የመሬት ላይ ሙከራ ይመጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ሙከራ ያልተደረገበት ሮኬት መተኮስ የለበትም። ሮኬቱ ልክ እንደሚበር ሆኖ ይታሸጋል፦ ፓራሹቱ፣ ከእሳት የሚከላከለው ጨርቅ፣ ገመዱ፣ ብሎኖቹ፣ ሁሉም በቦታው። ከዚያ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሰው ከፊቱም ከኋላውም ዞር ካለ በኋላ፣ በረጅም ሽቦ ከሩቅ ይለኮሳል። ሽቦው ከባትሪው ጋር የሚገናኘው በመጨረሻ ነው። አፍንጫው ፈንጠር ብሎ ፓራሹቱን ሙሉ በሙሉ ጎትቶ ካወጣ ልኩ ተገኘ ማለት ነው። ከፈት ብሎ ከቆመ ባሩዱ በጥቂቱ ይጨመርና ሙከራው ይደገማል። ገመዱ እስከ ጫፉ ተወጥሮ አፍንጫውን ወደ ኋላ ካነጠረው ደግሞ በዝቷል።

ብዙዎች ሁለተኛ አልቲሜትር ከራሱ ባሩድ ጋር ይጨምራሉ። የመጠባበቂያው ባሩድ ከመጀመሪያው በዛ ይላል፤ የሚተኮሰውም አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው ተተኩሶ አፍንጫው አልነቃነቅ ካለ፣ ያንኑ መጠን መድገም ብዙም አይረዳምና።

ከ6,000 ሜትር በላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባሩድ ለመንደድ የውጭ ኦክስጅን አያስፈልገውም። ነገር ግን አየሩ ሲሳሳ እሳቱ ከፍሬ ወደ ፍሬ በደንብ አይዛመትም፤ ገሚሱ ሳይነድ ይበተናል። ለዚህ ባሩዱን በጠባብ መያዣ አጥብቆ ማሸግ ይረዳል። ሌላው መንገድ የታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ትንሽ ጣሳ መጠቀም ነው፤ ጣሳው ሲበሳ ጋዙ የባሩዱን ሥራ ይሠራል፣ ፓራሹቱንም አያቃጥልም።