ቦይኮት ምንድን ነው? ደጋፊ ለክለቡ ባለቤት ፊት ሲነሳ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ እኛ ማንቼዎች፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች፣ የምንሰበሰብበት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። መቀመጫው አግዳሚ ነው፤ በሩ ላይ የመግቢያ ብር የሚቀበል ልጅ ይቆማል፤ ጥግ ላይ እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ቡና ያፈላሉ። አንድ ቀን ተሸንፈን፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማንም ከአግዳሚው አልተነሳም። ባጃጅ የሚነዳ ወንድማችን ብድግ አለና «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቦይኮት ነው! ግሌዘሮች ክለቡን ለቀው እስኪወጡ ድረስ ማንም እዚህ ገብቶ ማንቼን እንዳያይ» አለ። ግሌዘሮች የክለቡ ባለቤት የሆኑት ቤተሰብ ናቸው። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጡት ጋሼ፣ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት፣ ረጋ ብለው «እሺ ልጄ፣ እንቅር። ግን ስንቀር የሚጎዳው ማነው? ግሌዘር ነው ወይስ እትዬ?» አሉት። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሴ አልወጣም። ቃሉን ሁላችንም እናነሳዋለን፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። እንግዲህ ከቃሉ ልጀምር።

ቦይኮት ማለት ሰዎች ተማክረው፣ በአንድ ልብ፣ ከአንድ ሰው ወይም ድርጅት ጋር ያላቸውን ጉዳይ ማቋረጥ ነው። ከእሱ አይገዙም፣ ለእሱ አይሠሩም፣ ድግሱ ላይ አይገኙም። የሚያቋርጡት ግን ለዘለዓለም አይደለም፤ የሚጠይቁት የታወቀ ነገር አለ፣ እሱ ሲሟላ ይመለሳሉ። ቡድኑ አስጠልቶት ቤቱ የቀረ ሰው ቦይኮት አላደረገም፤ ሰልችቶታል። ለማንም ሳይናገር ብቻውን የቀረም እንደዚያው ነው፤ መቅረቱን የሚያውቅ የለም። በአማርኛ የቅርብ ዘመዱ «አድማ» ነው፤ ይሁን እንጂ አድማ መታ ሲባል ቶሎ የሚታየን ሥራ ያቆመ ሠራተኛ ነው። ቦይኮት ያደረገ ሰው ግን ገንዘቡን፣ ሰላምታውን፣ ዓይኑን ጭምር ይነፍጋል። እኔ ይበልጥ የሚቀርበው ሆኖ ያገኘሁት «ፊት መንሳት» የሚለው አነጋገር ነው።

ቃሉ ራሱ የሰው ስም ነው። ቻርልስ ካኒንግሃም ቦይኮት ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። በአየርላንድ ሜዮ ግዛት፣ ሎክ ማስክ በሚባል ሐይቅ ዳር፣ ሎርድ ኧርን የተባሉ ባለርስት መሬት ነበራቸው። ቦይኮት የእሳቸው ወኪል ሆኖ ከጭሰኞች ኪራይ ይሰበስባል፤ እኛ አገር ድሮ ምስለኔ እንደሚባለው ዓይነት ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ያለፈው ምርት ክፉ ስለነበር ጭሰኞቹ ከኪራዩ 25 በመቶ ይቀነስልን አሉ። ባለርስቱ 10 በመቶ ብቻ ፈቀዱ። ቦይኮትም ያልከፈሉትን ከመሬታቸው ለማስነሳት መጥሪያ አስላከ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን የአየርላንዱ ፖለቲከኛ ቻርልስ ስቲዋርት ፓርኔል ኤኒስ በምትባል ከተማ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግር አድርጎ ነበር። ጎረቤቱ የተባረረበትን እርሻ የሚወስድን ሰው ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ። ከሕዝቡ መካከል «ይተኮስበት!» የሚል ድምፅ ወጣ። ፓርኔል ግን የተሻለ መንገድ አለ አላቸው፤ በመንገድ ስታገኙት፣ በሱቅ፣ በገበያ፣ በጸሎት ቤት ሳይቀር ራቁት፣ እንደ ጥንቱ ለምጻም ተገልሎ ብቻውን ይቅር አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። ይህ ሐሳብ የተሰነዘረው «ይተኮስበት» ለሚል ሰው መልስ ሆኖ ነው። ንዴቱ አልተካደም፤ ደም የማይፈስበት መውጫ ተበጀለት።

ሎክ ማስክ ላይ የሆነው እንግዲህ ይህ ነው። የቦይኮት የእርሻ ሠራተኞችና የቤት አገልጋዮች ጥለውት ሄዱ። አንጥረኛው ለፈረሱ ጫማ አልመታም አለ። ልብስ አጣቢዋ ቀረች። ባለሱቆች አልሸጥልህም አሉት፤ ደብዳቤውን የሚያመላልስለት ልጅ እንኳ ተው ተባለ። ድንቹና ሌላው ሰብል ከነአፈሩ ቀረ። በመጨረሻ 50 ያህል ሰዎች ምርቱን ሊሰበስቡለት ከሌላ ግዛት መጡ፤ መንግሥትም እነሱን ለመጠበቅ ወደ 1,000 የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ አሰፈረ። ወጪው 10 ሺህ ፓውንድ ገደማ ደረሰ ይባላል፤ የተሰበሰበው ሰብል ዋጋ ግን 500 ፓውንድ ያህል ነበር። ቦይኮት ኖቬምበር ማብቂያ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ወጣ፤ ጋሪ የሚነዳለት ጠፍቶ የጦሩ የበሽተኛ ማመላለሻ ጋሪ ወሰደው። የአካባቢው ቄስ ጆን ኦማሊ ከአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጋር ሲያወሩ፣ ስለ ማግለል የሚነገረው የተማረ ሰው ቃል ለገበሬው ይከብደዋልና ለምን የሰውየውን ስም አንጠቀምም አሉ። ቃሉ በዚያው ቀረ።

ይህን ታሪክ ሐዋሳ ዙሪያ ላደገ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዕድር የተሰረዘ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ ድንኳን የሚተክልለት፣ ቀብር የሚወጣለት የለም። ሲዳማም «ሴራ» የሚለው የኖረ ደንብ አለው፤ በአማርኛ ሴራ ከምንለው ጋር በስም ብቻ የተገጣጠመ፣ ትርጉሙ የማኅበረሰብ ሕግ የሆነ። የሽማግሌዎችን ፍርድ አልቀበልም ያለ ሰው ከኅብረቱ ይገለላል፤ እስኪመለስ ድረስ አብሮት የሚሠራ አይኖርም። የሎክ ማስክ ገበሬ ያደረገውም ያንኑ ነው። ቦይኮት እሱን ያዋረዱት ሰዎች ያስፈልጉት ነበር፤ ያለ እነሱ እጅ ድንቹ ከመሬት አይወጣም። የጉዳዩ ሥር ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ያንተ ነገር ያስፈልገዋል ወይ?

ወደ እግር ኳስ ስንመጣ ቦይኮትን እስከ መጨረሻው ያደረሱት የብላክፑል ደጋፊዎች ናቸው። ብላክፑል እ.ኤ.አ. በ2010/11 አንድ ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቶ ወረደ። ከሊጉ የመጣው ገንዘብ ቡድኑ ላይ መዋል ሲገባው ወደ ባለቤቶቹ ወደ ኦይስተን ቤተሰብ ድርጅቶች ሄደ ተብሎ ቅሬታ ተነሳ፤ በ2017 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ባለቤቶቹ ክለቡን ያለአግባብ አራቁተውታል ብሎ ለሌላው ባለድርሻ 31.27 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍሉ ወሰነ። ደጋፊው ግን ፍርዱን አልጠበቀም። ከእንግዲህ ቤሳ ቤስቲን አንሰጥም ብሎ ስታዲየም መግባት አቆመ፤ ለዓመታት።

የዚህን ክብደት በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ሜይ 28 ቀን 2017 ብላክፑል ዌምብሌይ ላይ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ለመመለስ የፍጻሜ ጨዋታ ነበረው፤ አሸንፎም አደገ። ዌምብሌይ መግባት የእንግሊዝ ደጋፊ ዕድሜ ልኩን የሚያልመው ነገር ነው። ብዙው የብላክፑል ሰው ግን አልሄደም። አባት ልጁን «አንሄድም» ብሎ እቤት አስቀርቷል። እኔ ብሆን እችል ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ እውነቱን ለመናገር አላውቅም። በፌብሩዋሪ 2019 ፍርድ ቤት ንብረት ተረካቢ ሾመ፤ ኦይስተን ከቦርዱ ተነሱ፤ ማርች 9 ቀን ከሳውዝኤንድ ጋር በነበረው ጨዋታ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ተመለሰ። ባለቤቱን ያስወጣው በቀጥታ የገንዘብ ክርክሩ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ባዶው ወንበር ግን በየሳምንቱ ነገሩ እንዳይረሳ አድርጓል።

አጭር ቦይኮትም አለ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ሰንደርላንድን 2 ለ 0 ይመራ ነበር። በአዲሱ ትሪቡን ውዱ ትኬት 77 ፓውንድ ሊሆን ነው መባሉን የተቃወሙ ደጋፊዎች በ77ኛው ደቂቃ ተነስተው ወጡ፤ ወደ 10 ሺህ ይገመታሉ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ። በአራተኛው ቀን ባለቤቶቹ ይቅርታ ጠይቀው ጭማሪውን ሰረዙ። ይህ ለምን ሠራ? ጥያቄው አንድና ግልጽ ነበር፤ ባለቤቱ እሺ ቢል የሚያጣው ትንሽ ነው፤ ያፈረው ግን በመላው ዓለም ቴሌቪዥን ፊት ነው። «ክለቡን ሽጥና ውጣ» የሚለው ጥያቄ ከዚህ እጅግ ይከብዳል።

የእኛ የማንቼ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጠጥረው። ግሌዘሮች ክለቡን በ2005 በ790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲገዙት ከግማሽ በላዩ ብድር ነበር፤ ዕዳ ያልነበረበት ክለብ የራሱን መግዣ ወለድ ከፋይ ሆነ። አንዳንድ ደጋፊ ያኔውኑ ወጥቶ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሱን ክለብ መሠረተ። ሌላው ግን ቀረ፤ ክለቡን የጠላ ሰው አልነበረምና። ስታዲየሙ ኦልድ ትራፎርድም አልጎደለም፤ አንዱ ሲወጣ ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ይገባል። ቁጥሩንም ብናየው፣ ክለቡ በ2023/24 ካገኘው 661.8 ሚሊዮን ፓውንድ ውስጥ ከጨዋታ ቀን የመጣው 137.1 ሚሊዮን ነው። ትልቁ የስፖንሰርና የንግድ ገቢው ነው፤ 302.9 ሚሊዮን። በ2024 ሰር ጂም ራትክሊፍ 27.7 በመቶ ድርሻ ገዝተው የእግር ኳሱን አስተዳደር ሲይዙም አብላጫው ድምፅ ከግሌዘሮች እጅ አልወጣም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። እኛ ሐዋሳ ላይ ሆነን ለግሌዘር የምንሰጠው ምንድን ነው? ትኬት አንገዛም። የምንለብሰው ማሊያ ገበያ ላይ የተገዛ ነው፤ ትርፉ እነሱ ጋ አይደርስም። ዲኤስቲቪ የሚከፍሉት እትዬ ናቸው፤ እሱም ለሁሉም ክለብ በአንድ ክፍያ ነው። ስለዚህ ቤቱን ብናራቁተው ጦም የሚያድረው የቡናው ጀበናና በሩ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። ቦይኮት የተሳሳተ ሰው ላይ ሲያርፍ በደል ይሆናል፤ ባጃጅ ነጂው ወንድማችን ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ እትዬን የሚጎዳ ሰው አይደለምና።

ባለቤቱ ከእኛ የሚፈልገው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ዓይናችንን ይፈልገዋል። ስፖንሰር ያን ሁሉ ገንዘብ የሚከፍለው በዓለም ዙሪያ ይህን ያህል ሕዝብ ያየኛል ብሎ ነው፤ እኛም ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነን። ሜይ 2 ቀን 2021 ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር የነበረው ጨዋታ ለሌላ ቀን ሲዛወር ዓለም ያየው ግርግሩን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ስፖንሰሮች አዞሩ፤ ምርታቸውን አንገዛም እያሉ ጻፉ። በዚያው ወር ለ10 ዓመት 200 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ የልምምድ ማሊያ ስፖንሰር ሊሆን የነበረው ደ ሃት ግሩፕ ራሱን አገለለ፤ ምክንያቱ ይኸው የደጋፊው ቁጣ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። እንዲህ ያለ መልእክት ለመጻፍ ማንቸስተር መኖር አይጠይቅም።

የራሳችንን ክለብም ሳላነሳ አላልፍም። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ክለቦች በጀቱ በዋናነት የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር ነው። የሚወጣ ግሌዘር የለም፤ ትኬት ባለመቁረጥ የሚናጋ ገቢም የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ስታዲየም ብንቀር የሚሰማው ጸጥታ ብቻ ነው፤ ተጫዋቹም ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ዓይነት ክለብ ገብቶ መጮህ፣ ስብሰባ ጠይቆ በጀቱ የት ገባ ማለት ይበልጣል ባይ ነኝ። ጋሼም በዚህ ይስማማሉ፤ እሳቸው ስታዲየም ቀርተው አያውቁም።

ዲኤስቲቪ ቤታችን በመጨረሻ የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2010 ማንቸስተሮች ባደረጉት ነገር ነው። ያኔ ደጋፊው ቀዩን ትቶ አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ ለበሰ፤ ክለቡ በ1878 በባቡር ሠራተኞች ኒውተን ሂዝ ተብሎ ሲመሠረት ይለብሰው የነበረውን ቀለም። ማርች 10 ቀን ሚላን 4 ለ 0 ተሸንፎ ሲወጣ የድሮው የማንቼ፣ ያኔ የሚላን ተጫዋች ዴቪድ ቤካም ከተመልካች የተወረወረ አንዱን አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገ። አረንጓዴና ቢጫ ጨርቅ እዚህ አገር አይጠፋም። አንድ ልብስ ሰፊ ወንድማችን 11 ሰፍቶ አመጣ፤ ለስፖንሰሮቹ የሚላከውን መልእክት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ልጆች ጻፉ። በሚቀጥለው ጨዋታ የመግቢያችንን ከፍለን፣ ስካርፉን አድርገን አግዳሚው ላይ ተደረደርን። እትዬ ስኒ ሲያድሉ ባጃጅ ነጂው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ጨርቁን ዳሰስ አደረጉትና «ይሄ ደግሞ የየትኛው ክለብ ነው?» አሉ።

«የማንቼ ነው እትዬ» አላቸው። «የድሮው።»