ተከላካይ ፓፍ ምንድን ነው?

«ፓፍ አንዴ ከተጀመረ መላቀቂያ የለውም፤ ሱስ ነው» ሲል አንድ ተናጋሪ በአፍ ስለሚሳበው የአስም መድኃኒት በራዲዮ ሲናገር ሰማሁ። ምክሩ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ ይህንኑ አባባል ከባንኮኒው ማዶ ዘወትር እሰማዋለሁ። የጥቁር አዝሙዱን ነገር ልለፈው። የሱሱን ግን አላልፈውም።

ተናጋሪው «ፓፍ» ሲል ሁለት መድኃኒት አደባልቋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰማያዊው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን የአየር ቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ኃይሉ ያልቃል። ተከላካዩ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ የተባለው ስቴሮይድ ነው፤ ሥራው የቧንቧውን ግድግዳ ብግነት፣ ማለትም መቆጣትና ማበጥ፣ ማብረድ ነው። ቀለም ግን አትመኑ፤ እንደ አምራቹ ይለያያል፣ ስሙን አንብቡ።

የጣና ሰው ታንኳ ያውቃል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ከሐይቁ ወጥቶ ፀሐይ ካላገኘው እየከበደ ይሄዳል። የአስም ሕመምተኛ የአየር ቧንቧም ግድግዳው አብጦ፣ አክታ ቋጥሮ እንዲሁ ይከብዳል። ሳልቡታሞል በርትቶ መቅዘፍ ነው። ታንኳው ይሄዳል፤ ደንገሉ ግን እንደራሰ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የበለጠ መቅዘፍ ያስፈልጋል፣ በሦስተኛው ቀን ከዚያም የበለጠ። ታዲያ ይህን ያየ ሰው «ቀዛፊውን የመቅዘፊያ ሱስ ያዘው» ይላልን? ተናጋሪያችን ያለው ይህንኑ ነው። ተከላካዩ ፓፍ ደንገሉን ማድረቂያ ነው። ልዩነቱ ሳንባን ዳር አውጥቶ ማስጣት አለመቻሉ ነው፤ እየተቀዘፈ መድረቅ አለበት። በመሆኑም ምንም ሕመም በሌለበት ቀን ጭምር፣ በየዕለቱ ይሳባል፤ ውጤቱም በቀናትና በሳምንታት እንጂ በደቂቃ አይታይም።

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ተከላካዩን ይስባል፤ ምንም ለውጥ ሲያጣ «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው በደንብ ሠርቶለት፣ ሌሊቱን ሳይስል ማንጋት ሲጀምር «ድኛለሁ» ብሎ ያቆመዋል። ከዚያ ጉንፋን ወይም የማገዶ ጭስ ሲነካው ሕመሙ ያገረሽበታል፤ «አያችሁ፣ ያለ ፓፍ መኖር አቃተኝ» ይላል። የተመለሰው አስሙ ነው! መድኃኒቱ ምን በደለ?

«ስቴሮይድ ያሳብጣል» የሚለው ፍርሃት የመጣው ከሚዋጠው ኪኒን ነው። ከባድ ሕመም ሲነሣ ለጥቂት ቀናት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን በቀን 40 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል። አነስተኛው የተከላካይ መጠን ግን በቀን 200 ማይክሮግራም ነው፤ በክብደት 200 እጥፍ ያንሳል። (የሁለቱ መድኃኒቶች ጉልበት እኩል ስላልሆነ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ስሌት በበጎ ዓይን ይዩልኝ።) ከፍተኛ መጠን ለዓመታት ሲወሰድ ክትትል ይሻል። በአፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስ ለመከላከል ከሳቡ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው።

ሊፈራ የሚገባው ሌላ ነው። ግሎባል ኢኒሼቲቭ ፎር አስማ የተባለው ዓለም አቀፍ አካል አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ መታከም እንደሌለባቸው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየመከረ ነው። 200 ጊዜ ከሚረጨው ሰማያዊ ፓፍ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም፤ ለከባድ ሕመምም የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ሌላ ፓፍ አስረክቦ መሸኘት ብቻ ለእኛም ነውር ነው።

ሳልረሳው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሁሉ አስም የለበትም። ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ቤት ስታበስል የኖረች እናት ሌላ የሳንባ ሕመም ይኖርባት ይሆናል፤ የልብ ድካምም ያንኑ ድምፅ ያሰማል። ፓፍ ከጎረቤት ተውሶ መሞከር ምርመራን አይተካም። ቆርቆሮውን ውኃ ላይ ጥሎ ሲንሳፈፍ «አለቀ» ማለትም ከንቱ ነው፤ የተረጨውን መቁጠር ይሻላል።

ሰማያዊውን ጣሉት አላልኩም። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ከኪሱ አይለየው። እሱን ስቦም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያቃተው ሰው ግን እየደጋገመ እየሳበ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፤ እስኪነጋ አይጠብቅ።