የዕዳ ሽግሽግ ምንድን ነው? ስሪላንካ ለመዘግየት የከፈለችው ዋጋ

የዕዳ ሽግሽግ ማለት አንድ መንግሥት የተበደረውን ገንዘብ ውሉ ላይ በተጻፈው ቀንና መጠን መክፈል ሲያቅተው፣ ወይም እንደሚያቅተው አስቀድሞ ሲረዳ፣ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ የብድሩን ውል እንደገና መጻፍ ነው። ወሬው በዜና ሲሰማ ዕዳው የተሰረዘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በሽግሽግ ግን ዕዳው በአብዛኛው ይኖራል፤ በዋናነት የሚለወጠው አከፋፈሉ ነው። የመክፈያው ዘመን ይራዘማል፣ ወለዱ ዝቅ ይላል፣ ለተወሰኑ ዓመታት የዋናው ብድር ክፍያ የሚቆምበት የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል፣ ነገሩ ሲከፋ ደግሞ ከዋናው ብድር ላይ የተወሰነው ይቀነሳል። ኢትዮጵያ ለአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከቻይና የወሰደችው ብድር በ10 ዓመት መከፈሉ ቀርቶ በ30 ዓመት እንዲከፈል በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ስምምነት ላይ መደረሱ የዚህ ቀላሉ ምሳሌ ነው።

አንድ ነጋዴ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው የንግድ ሕግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ንብረቱን ቆጥሮ ለአበዳሪዎቹ የሚያከፋፍል ባለሙያ ይሾማል። ለሀገር እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት የለም። አበዳሪዎችን በሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስገድዶ የሚያስቀምጥ ዳኛ በዓለም ላይ ስለሌለ፣ ድርድሩ መቼ እንደሚጀመር የሚወስኑት በሥልጣን ላይ ያሉት መሪዎች ናቸው። ውሳኔው የሂሳብ ባለሙያዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ በእኔ እምነት ግን አንድ መሪ ከሚገጥሙት እጅግ ከባድ የፖለቲካ ውሳኔዎች አንዱ ነው፤ ምክንያቱም በዘገየ ቁጥር ልዩነቱን የሚከፍለው ሕዝቡ ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የውጭ ዕዳ የሚከፈልበትን ገንዘብ ምንጭ ማየት ያስፈልጋል። መንግሥት በራሱ ገንዘብ የተበደረውን፣ የዋጋ ንረትን ተሸክሞም ቢሆን፣ አትሞ ሊከፍል ይችላል፤ ዶላር ግን ማተም አይችልም። ዶላር የሚገኘው ከወጪ ንግድ፣ ከቱሪዝም፣ በውጭ የሚኖሩ ዜጎች ከሚልኩት ገንዘብ፣ ከእርዳታና ከአዲስ ብድር ነው። ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና የዱቄት ወተት የሚገዛውም በዚሁ ዶላር ነው። ስለዚህ ክምችቱ በተመናመነ ጊዜ ለአበዳሪ የተከፈለ እያንዳንዱ ዶላር ከመድኃኒት ቤቱና ከነዳጅ ማደያው የተወሰደ ዶላር ነው።

ይህ በግልጽ የታየው በስሪላንካ ነው (የስሪላንካ ቀኖችና ወሮች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ነበራት። በዚያው ዓመት ኅዳር የተመረጡት ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ ሥልጣን እንደያዙ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረዱ፤ ሌሎች ግብሮችንም ቀነሱ። የመንግሥት ገቢ ወዲያው ወደቀ። ቀደም ሲል በ2019 ፋሲካ ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች በደረሰው የቦምብ ጥቃት የተጎዳው ቱሪዝም ኮቪድ ሲጨመርበት ጨርሶ ቆመ። የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች የሀገሪቱን ደረጃ ሲያወርዱ፣ ቦንድ (መንግሥት ገንዘብ ለመበደር ለባለሀብቶች የሚሸጠውን የዕዳ ሰነድ) ሸጦ የቆየውን ዕዳ በአዲስ ዕዳ መክፈል የማይቻል ሆነ። በ2021 ጸደይ ደግሞ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ፤ ገበሬው ሳይዘጋጅ የመጣው ክልከላ የሩዝ ምርቱን ስለጎዳው ከወራት በኋላ ተነሣ፤ ሀገሪቱ ግን በሌላት ዶላር ሩዝ መግዛት ጀምራ ነበር።

ስለ ስሪላንካ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ የተከራየው የሃምባንቶታ ወደብ ነው። የቻይና ብድር ቀላል ባይሆንም፣ ከውጭ ዕዳው ትልቁን ድርሻ የያዘውና ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው በዓለም ገበያ ለግል ባለሀብቶች የተሸጠው ቦንድ ነበር። የቦንድ ወለድ ከመንግሥታት ብድር ይበልጣል፤ ዋናው ገንዘብም በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በአንድ ቀን ተጠቃሎ ይከፈላል። ጥፋቱን በሙሉ በአንድ የውጭ መንግሥት ላይ መለጠፍ ለገዥዎች የሚመች ትረካ ነው፤ ግብሩን ማን እንደቀነሰና ቦንዱን ማን እንደሸጠ እንዳይጠየቅ ይጋርዳል።

በ2021 አጋማሽ ክምችቱ እየተሟጠጠ መሆኑ ግልጽ ነበር። የሀገሪቱ ኢኮኖሚስቶችና ተቃዋሚዎች ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ ሄዳችሁ ከአበዳሪዎች ጋር ተደራደሩ እያሉ ወተወቱ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ ያ ነበር። መንግሥትና የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ አጂት ኒቫርድ ካብራል ግን ሀገራችን ዕዳዋን ሳትከፍል ቀርታ አታውቅም፣ አሁንም ትከፍላለች በሚለው አቋም ጸኑ። ጥር 18 ቀን 2022 ጊዜው የደረሰ 500 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳ ተቆጥሮ ተከፈለ። ገንዘቡ ሲወጣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ገበያውን ይዞት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በኮሎምቦና በአካባቢው ባለው ምዕራባዊ ክፍለ ሀገር ያሉ ትምህርት ቤቶች የማተሚያ ወረቀትና ቀለም የሚገዙበት ዶላር ስላልነበረ የተማሪዎች ፈተና ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይጠፋ ጀመር፣ በነዳጅ ማደያዎች ወታደሮች ቆሙ፣ ወረፋ ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎችም ነበሩ።

ስሪላንካ የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሟን ያሳወቀችው ሚያዝያ 12 ቀን 2022 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ነፃነቷን ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በግንቦት ወር የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊ ሳብሪ ለፓርላማ ሲናገሩ፣ በእጅ ያለውና ሊመነዘር የሚችለው ክምችት 50 ሚሊዮን ዶላር እንኳ እንደማይሞላ ገለጹ። ድርድሩ የተጀመረው እንግዲህ ካዝናው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። አንድ ሀገር ገና ለጥቂት ወራት የሚበቃ ነዳጅ መግዣ እያለው ሲደራደርና ምንም ሳይኖረው ሲደራደር፣ የሚያገኘው ውልም ሕዝቡ በድርድሩ ወቅት የሚኖረው ኑሮም አንድ አይሆንም።

የሕዝቡ ቁጣ መጀመሪያ የተሰማው በመጋቢት መጨረሻ በፕሬዚዳንቱ የግል መኖሪያ ደጃፍ ነበር። ከዚያም ወጣቶች በኮሎምቦ የባሕር ዳርቻ በሚገኘው ጋል ፌስ ሜዳ ድንኳን ተክለው ለወራት ቆዩ፤ እንቅስቃሴው አራጋላያ፣ ማለትም ትግል፣ ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የፕሬዚዳንቱ ወንድም ማሂንዳ ራጃፓክሳ፣ ግንቦት 9 ቀን ሥልጣን ለቀቁ። በሰኔ መጨረሻ ለግል ተሽከርካሪዎች ነዳጅ መሸጥ ጨርሶ ቆመ። ሐምሌ 9 ቀን ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፤ ጎታባያ ራጃፓክሳ በአራተኛው ቀን ወደ ማልዲቭስ ሸሹ፣ ከሲንጋፖርም የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን ላኩ። ያ ቁጣ ከድህነት ብቻ የመነጨ አይመስለኝም። ስሪላንካውያን በረጅሙ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ብዙ ችግር ችለዋል። ያስቆጣቸው ችግሩ እየመጣ መሆኑን የሚያውቁት መሪዎች ለወራት «ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው» ማለታቸው፣ የቁልፍ ሥልጣኖችም በአንድ ቤተሰብ እጅ መሆናቸው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የገንዘብ ሚኒስትሩ ባሲል ራጃፓክሳ ወንድማማቾች ነበሩ።

ሽግሽጉ ራሱ የሚሄድበት መንገድ ረጅም ነው። አይኤምኤፍ በመጀመሪያ ሀገሪቱ ምን ያህል ዕዳ መሸከም እንደምትችል ያጠናል። ዕዳው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ ዋና ዋናዎቹ አበዳሪ መንግሥታት ሸክሙን እናቀላለን ብለው ማረጋገጫ እስኪሰጡ ድረስ ገንዘቡን አይለቅም። ስሪላንካ ከድርጅቱ ባለሙያዎች ጋር በመስከረም 2022 መጀመሪያ ብትስማማም፣ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው ብድር የጸደቀው መጋቢት 20 ቀን 2023 ነው። ቀጥሎ መንግሥታት ለብቻ፣ የቦንድ ባለቤቶች ለብቻ ይደራደራሉ፤ እያንዳንዱም ሌላው ከእኔ ያነሰ ጉዳት እንዳይደርስበት ብሎ ይጠብቃል። ከመንግሥታት ጋር የተደረሰው 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሸፍን ስምምነት በሰኔ 2024 ተፈረመ። የቦንድ ባለቤቶች ከዋናው ገንዘብ 27 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ፤ ሆኖም ኢኮኖሚው ከተጠበቀው በላይ ካደገ የሚከፈላቸው እንዲጨምር የሚያደርግ አንቀጽ አስገብተዋል።

ጉዳቱን የተጋሩት ግን የውጭ አበዳሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ እዚህ ላይ ዜናው በቂ ትኩረት አይሰጥም። በ2023 የሀገር ውስጥ ዕዳም ሲሸጋሸግ፣ መንግሥት ባንኮችን ትቶ የሠራተኞችን የጡረታ ቁጠባ የሚይዙት ፈንዶች የያዙትን ቦንድ በረጅም ጊዜ ቦንድ እንዲለውጡ አደረገ፤ ወለዱም እስከ 2025 12 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 9 በመቶ ሆነ። ባንኮቹ የተተዉት ከተናጉ የአስቀማጩ ገንዘብ አብሮ ይናጋል በሚል ነው፤ ምክንያቱ ውኃ የሚያነሣ ነው። ያም ሆኖ በፋብሪካ ዕድሜዋን የጨረሰች የልብስ ሰፊ ስለ ቦንድ ሽያጩ ማንም ሳያማክራት የቁጠባዋን ወለድ እንድትቀንስ ተደርጋለች። የመብራት ታሪፍ በነሐሴ 2022 75 በመቶ፣ በየካቲት 2023 እንደገና 66 በመቶ ጨመረ። ተቀንሶ የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ2024 መጀመሪያ 18 በመቶ ደረሰ፤ ቅነሳው ከመደረጉ በፊት ከነበረው በላይ ማለት ነው። በዓለም ባንክ ግምት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ2021 ከነበረው 13 በመቶ በአንድ ዓመት ወደ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ታላላቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ የሆነው ቡድን 20 የድሃ ሀገራትን ዕዳ ለማሸጋሸግ ባወጣው የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ እንደምትጠይቅ ያሳወቀችው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው፤ ጥያቄው ከስሪላንካ አንጻር ቀድሞ የቀረበ ነበር። በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል የተቀሰቀሰው ጦርነትና የማዕቀፉ አዝጋሚ አካሄድ ግን ድርድሩን ለዓመታት አጓተቱት። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (በዓለም ገበያ በዶላር የተሸጠ ቦንድ) የሚጠበቅበትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ቀረ፤ ምክንያቱን ሲያስረዳም ለአንዱ አበዳሪ ከፍሎ ሌላውን ማስጠበቅ ስለማይገባ ሁሉንም እኩል ለማስተናገድ ነው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ የአራት ዓመት መርሐ ግብር አጸደቀ። ቻይናና ፈረንሳይ በጋራ ከሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ጋር የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመው በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ መንግሥት ከዚህ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እፎይታ ይገኛል ብሏል።

የምንዛሪ ለውጡ በዕዳው ላይ ያደረገውን ማስተዋል ተገቢ ነው። አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር በነበረ ጊዜ የ1 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ 57 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ዕዳ፣ አንድ ሳንቲም ሳይበደሩበት፣ ከ100 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ብሩ የሚሰበሰበው ከግብር ነው። የሽግሽግ ዜና በሰማን ጊዜ ስንት ቢሊዮን ዶላር እፎይታ ተገኘ ከሚለው ጎን፣ ለእፎይታው ሲባል መንግሥት ምን ቃል እንደገባ፣ የየትኛው ግብር ወይም ድጎማ ለውጥ ከውሉ ጋር እንደተያያዘና ሰነዱ ለፓርላማና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

በስሪላንካ ይህን ጥያቄ ዜጎች እስከ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ሙስናን የሚታገለውን ድርጅት ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ስሪላንካን ጨምሮ አመልካቾች ባቀረቡት አቤቱታ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኅዳር 14 ቀን 2023 በአብላጫ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ ጎታባያ፣ ማሂንዳና ባሲል ራጃፓክሳ እንዲሁም ካብራልን ጨምሮ የቀድሞ ባለሥልጣናት ኢኮኖሚውን በያዙበት መንገድ የሕዝብን አደራ እንደበሉ ወስኗል። ካሣ ግን አላዘዘም። ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር በመርህ ደረጃ ስምምነት የተደረሰው መስከረም 19 ቀን 2024፣ የፕሬዚዳንት ምርጫው ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ምርጫውን ያሸነፉት አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ፣ ፓርቲያቸው በነባሩ ፓርላማ ሦስት መቀመጫ ብቻ የነበረው ፖለቲከኛ፣ በአራጋላያ የተገለጸው ቁጣ ያመጣቸው መሪ ናቸው። ዲሳናያኬም ውሉን አላፈረሱም፤ የቦንድ ልውውጡ በታኅሣሥ 2024 ተጠናቀቀ። ለመንግሥታት የሚመለሰው የዋናው ብድር ክፍያ በ2028 ተጀምሮ እስከ 2043 ይዘልቃል።