ያልተለመዱ የሳንባ ድምፆችና የሳንባ ሽፋን ሕመሞች በጣና ዳርቻ

«ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ደረቴ ሲር ሲር ይላል»፣ «ሳንባህ ውሃ ቋጥሯል ተብዬ ነው»። በአንጋፋው ፈለገ ሕይወትም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ከዘጌም ከደቅ ደሴትም ተሻግሮ የመጣ ሕመምተኛ የሚያቀርባቸው እነዚህ ሦስት አቤቱታዎች በአንድ ደረት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ቦታዎችን ይጠቁማሉ። የሳንባው ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ትንፋሽ ሲሳብ የሚወጋው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ሲር ሲር የሚለው የጠበበ የአየር ቧንቧ ነው። «ውሃ» የሚባለው ደግሞ ሳንባው ውስጥ ሳይሆን ፕሉራ በሚባሉት ሁለት ሽፋኖች መሃል የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። በጤናማ ሰው በዚያ ክፍተት ያለው ፈሳሽ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሁለት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው።

ለማዳመጥ መጀመሪያ ልብስ ይወልቃል። በጋቢ ላይ የተቀመጠ ማዳመጫ የሚያሰማው የጋቢውን ኮሽታ ነው፤ ማዳመጫውን የሚነካ ማተብም የሌለ በሽታ ያስወራል። ሕመምተኛው ተቀምጦ፣ አፉን ከፍቶ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ግራና ቀኙ በትክክለኛ አንጻሩ እየተነጻጸረ ከላይ ወደ ታች ይደመጣል። ጨው የጋለ ምጣድ ላይ እንደተበተነ የሚንጣጣ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ትንፋሽ ሲሳብ ይሰማል፤ የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም ወይም የሳንባ ጠባሳ ይሆናል። አስስሎ ደግሞ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ድምፁ ከጠፋ አክታ ነበር። ፉጨት ጎልቶ የሚሰማው ትንፋሽ ሲወጣ ነው፤ አስም ያለባቸው ላይና ለዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ የጋገሩ እናቶች ላይ ይበዛል። አስም የጠናበት ሰው ፉጨቱ ድንገት ጸጥ ካለ ግን ተሻለው ተብሎ አይታለፍም፤ አየር መግባቱ ራሱ ሊቆም ነው።

የሽፋኖቹ ፍትጊያ ድምፅ ከሁሉም ይለያል። የደረቀ የታንኳ ደንገል እርስ በርሱ ሲታሽ እንደሚሰማው ሻካራ ነው፤ ሲሳብም ሲወጣም አለ፣ በሳል አይጠፋም፣ ትንፋሽ ሲያዝ ያቆማል። ፈሳሽ ሲጠራቀም ሽፋኖቹ ስለሚለያዩ ድምፁም ውጋቱም ይጠፋል። ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ቤቱ የሚቀረው፣ ከሳምንት በኋላም ትንፋሽ አጥሮት የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረትን በጣት መትቶ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ1761 ያሳተመው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሌኦፖልድ አውንብሩገር ነው። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበር፤ ሐሳቡን ያገኘው በርሜል እየተመታ የወይኑ ልክ ሲለይ አይቶ ነው ይባላል። የጠላ ጋን አንኳኩቶ ጠላው የት እንደደረሰ ለሚያውቅ የጎጃም ቤት ነገሩ እንግዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ላኔክ በ1816 ወረቀት ጠቅልሎ ማዳመጫን ፈጠረ፤ ራጅና አልትራሳውንድ ኋላ መጡ።

ፈሳሽ ያለበት ጎን ሲመታ ድፍን ነው፤ የትንፋሽ ድምፁም ይደክማል። ሕመምተኛው «አርባ አራት» ሲል ጀርባው ላይ ያረፈ እጅ ንዝረቱን በሳንባ ምች ጊዜ ጎላ ብሎ፣ በፈሳሽ ጊዜ ጠፍቶ ያገኘዋል። ቆሞ በሚነሳ ራጅ ላይ በግልጽ ለመታየት ፈሳሹ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ መድረስ አለበት፤ አልትራሳውንድ ከዚያ ያነሰውንም ያሳያል።

ፈሳሹ ሲቀዳ ሕመምተኛው ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። መርፌው የሚገባው በጎድን አጥንቱ የላይኛ ጠርዝ ላይ ነው፤ ደም ሥሩና ነርቩ በታችኛው ጠርዝ ሥር ይሄዳሉና። ከዘጠነኛው ጎድን በታች መውረድ ጉበትን ወይም ጣፊያን መውጋት ያመጣል። በአንድ ጊዜ ከ1.5 ሊትር በላይ አይቀዳም፤ ተጨፍልቆ የቆየ ሳንባ በድንገት ሲነፋ ራሱ ውሃ ሊያመነጭ ይችላል። ሳል ወይም የደረት መጨነቅ ከጀመረ ያን ያህል ሳይደርስም ይቆማል። «አንዴ ከተቀዳ ይለምድበታል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የሚመልሰው ያልታከመው መነሻ ነው።

መነሻው የልብ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ድካም ሲሆን የፈሳሹ ፕሮቲን አነስተኛ ነው። የፈሳሹ ፕሮቲን የደሙን ፕሮቲን ግማሽ ካለፈ ግን ሽፋኑ ራሱ ታሟል፤ ይህ ሪቻርድ ላይት በ1972 ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ ነው። በወጣት ላይ፣ በአንድ ጎን፣ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት የበዛበት ፈሳሽ ከተገኘ በአገራችን ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ባክቴሪያው ፈሳሹ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እምብዛም ስለማይታይ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ቲቢን አያስቀርም። ሕክምናው በመደበኛው 6 ወር ነው፤ ብግነት የሚያበርደውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት መጨመር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም በሚለው ላይ ሐኪሞች ገና አልተስማሙም።

መግል ከሆነ መርፌ አይበቃም፤ ቱቦ ይገባል። በሽፋኖቹ መሃል የገባው አየር ሲሆን ጎኑ ሲመታ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ አየሩ ልብን መግፋት ከጀመረ ራጅ ሳይጠበቅ በመርፌ ይለቀቃል። ከደረት የወጣው የቱቦው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ፣ ከውሃው ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠልቃል። የውሃው ልክ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ ቱቦው ይሠራል፤ ቀጥ ካለ ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ታጥፏል፣ ወይ ሳንባው ተነፍቶ ደረቱን ሞልቷል። ሕመምተኛው ለራጅ ሲሄድ አስታማሚው ጠርሙሱን አልጋው ላይ እንዳያስቀምጠው ይነገረዋል፤ ከደረት ከፍ ካለ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል።