የመደበኛ ነዋሪነት መስፈርት ምንድን ነው? ወደ አየርላንድ የሚመለስ ስደተኛ የሚቀርብለት ጥያቄ

የመደበኛ ነዋሪነት መስፈርት በአየርላንድ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መሠረት አንድ ሰው የሥራ አጥነት፣ የአካል ጉዳት፣ የአስታማሚነትና እነዚህን የመሳሰሉ ድጎማዎች ከመቀበሉ በፊት ሊያሟላው የሚገባ ግዴታ ነው። አመልካቹ ኑሮውን በእርግጥ የመሠረተው አየርላንድ ውስጥ መሆኑን ማስረዳት አለበት። መስፈርቱ በዜግነት ላይ የቆመ ስላልሆነ፣ በአየርላንድ ሜዮ አውራጃ ተወልዶ ያደገና የአየርላንድ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንኳ ቦስተን ወይም ሲድኒ ሃያ ዓመት ኖሮ ሲመለስ ከዚህ ምርመራ አያመልጥም።

ደንቡ የወጣው ግን እርሱን በማሰብ አልነበረም። ሥራ ላይ የዋለው አሥር አገሮች የአውሮፓ ኅብረትን በተቀላቀሉበት በሜይ 2004 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አየርላንድ ከብሪታንያና ከስዊድን ጋር የሥራ ገበያዋን ለአዲሶቹ አባላት ወዲያውኑ በመክፈቷ፣ ድጎማ ፍለጋ የሚመጣ ሰው ይበዛል የሚል ስጋት አድሮ ነበር። ለመጤ የታጠረው አጥር የአገሩን ልጅም ደጅ አስቆመ።

ውሳኔ ሰጪው ሹም አምስት ነገሮችን ይመዝናል፤ እነርሱም አመልካቹ በአገሪቱ የኖረበት ጊዜ ርዝመትና ቀጣይነት፣ ከአገር ርቆ የቆየበት ጊዜና ምክንያት፣ የሥራው ሁኔታ፣ የኑሮው ማዕከል የት እንደሆነና የወደፊት ሐሳቡ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሰነድ የሚቆጠሩ በመሆናቸው ብዙ አያከራክሩም። አስቸጋሪዎቹ የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው፤ ምክንያቱም «ኑሮህ ያለው የት ነው? ልትቆይ ነው ወይስ ልትሄድ?» የሚለው ጥያቄ ተመላሹ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ናፍቆት በማስረጃነት አይቀርብም። የሚቀርበው የተቋረጠ የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ፣ የተዘጋ የባንክ ሂሳብ፣ ዕቃው በመርከብ የተጫነበት ደረሰኝና የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ነው።

ይህ አሠራር አገሪቱ ስለ ስደተኞቿ ከምትናገረው ጋር ሲነጻጸር ይጎረብጣል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ይመለሳል ተብሎ ስለማይታሰብ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱ በመነሻው ዋዜማ «የአሜሪካ ለቅሶ» የሚባል፣ ሙት እንደሚሸኝበት ያለ ሌሊት ያድሩለት ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. የተመረጡት የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን በአንጻሩ በቤተ መንግሥታቸው መስኮት ለተሰደዱት ሁሉ የማይጠፋ መብራት አኖሩ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም የአየርላንድ ሕዝብ በውጭ ከሚኖሩ የአየርላንድ ተወላጆች ጋር ያለውን ልዩ ቁርኝት በአንቀጽ 2 አሰፈረ። መብራቱንም አንቀጹንም እያሰበ የመጣ ሰው፣ መሥሪያ ቤት ገብቶ የኑሮ ማዕከሉን በወረቀት እንዲያስረዳ ሲታዘዝ ባይተዋርነት ቢሰማው አይፈረድበትም።

ይሁንና ሕጉ መውጫ የለውም ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ስዋድሊንግ በተባለ ሰው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ፣ በሌላ አባል አገር ሠርቶ ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰ ሰው የቆይታው ጊዜ አጭር በመሆኑ ብቻ መደበኛ ነዋሪ አይደለም ሊባል እንደማይገባ ደንግጓል። የአየርላንድ የአፈጻጸም መመሪያም ቀድሞ በአገሪቱ ይኖር የነበረና ለዘለቄታው የተመለሰ ሰው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መደበኛ ነዋሪ ተደርጎ ሊቆጠር እንደሚችል ይገልጻል። ስለዚህ ዋናው ነገር «ለዘለቄታው» የሚለውን ማሳየት ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የሚቸገረው የታመመች እናቱን ወይም አባቱን ሊያስታምም የመጣው ነው። ውጭ ያለውን ቤቱን ገና አልሸጠም፤ ሥራውንም ለቅቆ ሳይሆን ፈቃድ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ወላጁ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅም እውነተኛው መልሱ «አላውቅም» ነው። ይህ መልስ የአስታማሚነት ድጎማውን ሊያስከለክለው ይችላል። ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጽሕፈት ቤት አቤት የማለት መብት አለው፤ በሜዮ አውራጃ የሚገኘው ሴፍ ሆም አየርላንድን የመሰሉ ድርጅቶችም ለተመላሾች ምክር ይሰጣሉ። በመዋጮ የተገኘ ጡረታ ግን ሠራተኛው አስቀድሞ የከፈለበት በመሆኑ በዚህ መስፈርት አይታይም።