«ኮብራ ኢፌክት»፦ ሽልማቱ ችግሩን ሲያራባው

አንድን ችግር ለማጥፋት የወጣ መመሪያ ያንኑ ችግር ሲያባብሰው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኮብራ ኢፌክት» ይሉታል። አባባሉን ያስተዋወቀው በኪል የሚገኘውን የዓለም ኢኮኖሚ ተቋም ለዓመታት የመራው ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሆርስት ዚበርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ስያሜው የተወሰደው በቅኝ ግዛት ዘመን ደልሂ ውስጥ ተፈጸመ ከሚባል ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት የመርዛማው እባብ መብዛት አሳስቧቸው ኮብራ ገድሎ ላመጣ ሁሉ ገንዘብ እንደሚከፈል አስነገሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ እባብ ተገደለ። ውሎ አድሮ ግን በየጥሻው ከማደን ይልቅ እቤት ማርባቱ እንደሚያዋጣ የገባቸው ሰዎች እባብ ማርባት ያዙ። ነገሩ ተደርሶበት ክፍያው ሲቆም፣ ዋጋ ያጣ እባብ የሚቀልብ የለምና አርቢዎቹ ለቀቁት፤ ከተማዋም ከአዋጁ በፊት ከነበረው የበለጠ ኮብራ አተረፈች ይባላል።

ይህ ታሪክ ሲተረክ ዓመቱም ሆነ የሹሙ ስም አብሮ ስለማይነገር እንደ ተረት ቢወሰድ ይሻላል ባይ ነኝ። በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር የነበረችው የቬትናሟ ከተማ የሃኖይ አይጦች ጉዳይ ግን አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ማይክል ቫን ከቅኝ አገዛዙ መዛግብት አውጥቶ የጻፈው ነው። ፈረንሳዮች ለከተማዋ ያሠሩት ዘመናዊ የፍሳሽ ቦይ ለአይጦች ምቹ መኖሪያና መተላለፊያ ሆነላቸው። ቸነፈርን ከአይጥ ጋር የሚያያይዘው ዕውቀት ገና ትኩስ ነበርና አስተዳደሩ ደንግጦ እ.ኤ.አ. በ1902 በመጀመሪያ ቅጥር አዳኞችን ቦዩ ውስጥ አሰማራ፤ ቀጥሎም ሕዝቡ እንዲያድን ለአንድ አይጥ አንድ ሳንቲም መክፈል ጀመረ። የበድን ክምር መቀበል ስለሚያስቸግር ማስረጃው ጭራው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ጭራ አልባ አይጦች በከተማዋ ሲሯሯጡ ታዩ። አዳኞቹ ጭራውን ቆርጠው አይጧን ይለቋት ነበር፤ ወልዳ ሌላ ባለጭራ ታመጣለቻ! በከተማዋ ዳርቻም ለዚሁ ሲባል አይጥ የሚያረቡ ሰዎች ተገኙ፤ ክፍያውም ተሰረዘ።

አባባሉን ላልታሰበ ጉዳት ሁሉ መጠቀም እየተለመደ ቢመጣም ሁለቱን መለየት ይገባል። ሰፊውን ሐሳብ፣ ማለትም ታስቦበት የተሠራ ሥራ ያልታሰበ ውጤት ማምጣቱን፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው ጽሑፍ ተንትኖታል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 እህል ይበላሉ ያለቻቸውን ድንቢጦች በዘመቻ ስታስፈጅ፣ ወፎቹ ይለቅሟቸው የነበሩት ነፍሳት በዝተው ሰብሉን ጎዱት። ይህ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚያሰኝ ነው እንጂ ኮብራ ኢፌክት አይደለም፤ ገንዘብ ለማግኘት ብሎ ድንቢጥ ያረባ ሰው የለምና። ለኮብራ ኢፌክት የግድ የሚያስፈልገው፣ ለጥፋቱ የሚከፈለው ዋጋ ራሱ ሰዎችን ወደ ማብዛት የሚገፋ መሆኑ ነው።

በዚህ ጥብቅ ትርጉሙ አባባሉ በቅርቡ ዘመን በትክክል የሚገጥምበት ቦታ የዓለምን ሙቀት መጨመር ለመግታት አገሮች የተዋዋሉት የኪዮቶ ስምምነት የካርቦን ገበያ ነው። የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያመርቱ አንዳንድ ፋብሪካዎች ኤችኤፍሲ-23 የተባለ ተረፈ ምርት ያወጣሉ። ይህ ጋዝ ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ በስምምነቱ ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 11,700 እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ጋዙን ላስወገደ ፋብሪካ ሊሸጥ የሚችል የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም በካይ ጋዝ ለመቀነሱ የሚሰጥ ምስክር ወረቀት፣ ይሰጠው ነበር። የማስወገጃው ወጪ ግን ከክሬዲቱ ሽያጭ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ስላልነበረ፣ ምርታቸውን እስከ ክፍያው ጣሪያ ድረስ ከፍ የሚያደርጉ፣ ክሬዲት በማያገኙበት ጊዜ ደግሞ የሚቀንሱ ፋብሪካዎች ተስተዋሉ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እነዚህን ክሬዲቶች በገበያው መቀበሉን አቆመ።